ቤት ተቀምጦ ደን መሣል

ሥዕል መማር የሚሻ ሰው ሁሉ ሻንጣውን አንሥቶ ወደ አዲስ አበባ መሔድ አለበት የሚባልበት ዘመን አልፏል። እንደሚታወቀው የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲከፈት፥ ከየክፍለ ሀገሩ ሥዕል እማራለሁ ብሎ ለሚመጣ ወጣት ሌላ የሚያንኳኳው በር እምብዛም አልነበረም። ዛሬ ግን በወላይታ ሶዶ ከተማ አንድ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከራት በኋላ የእጅ ስልኩን ከውሃ ብርጭቆ ጋራ አስደግፎ ያቆምና፥ ነጭ ወረቀት አንጥፎ ከባሕር ማዶ መምህር ፊት በነጻ ይቀመጣል። መምህሩ ሲያሠምር ያሠምራል፤ መምህሩ ሲያጠቁር ያጠቁራል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም ደን የተባለ ሥዕል ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ይኽ መልካም ነገር ነው፤ የሚነቀፍበትም ምክንያት የለም።

ይሁን እንጂ በዚህች ከተማ በዘመድም በጓደኛም ቤት በግድግዳ ላይ የተለጠፉትን የጀማሪ ሥዕሎች እየተዘዋወርሁ ስመለከት አንድ ነገር ታዝቤአለሁ። ደኑ ሁሉ አንድ ደን ነው። ጫፉ እንደ ጦር የሾለ፥ ከላይ እስከ ታች በሦስት ማዕዘን የተደራረበ ዛፍ በቀኝ ይቆማል፤ በግራም እንዲሁ። በመካከሉ ሐይቅ ተኝቷል። ከሐይቁ ባሻገር በረዶ የለበሰ ተራራ፥ ከዳር በኩል ደግሞ ከግንድ የተሠራች ጎጆ ከነጭስ ማውጫዋ ትታያለች። በረዶ! ሶዶ ላይ በረዶ የሚባለው ለሩብ ሰዓት ያኽል የቆርቆሮ ጣራ ደብድቦ፥ የደረሰ በቆሎ አበላሽቶ የሚሔደው ነው እንጂ ተራራ ለብሶት የሚከርም አይደለም።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ መገመት አያዳግትም። ቦብ ሮስ የተባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1994 በቴሌቪዥን የሥዕል ትምህርት ሲሰጥ ኖሮ 403 ትምህርቶችን ትቶ አልፏል። እያንዳንዱ ትምህርት ግማሽ ሰዓት ያኽል ሲሆን በዚያችው ግማሽ ሰዓት አንድ ሥዕል ተጀምሮ ያልቃል። ትምህርቶቹ ከእርሱ ሞት በኋላ በኢንተርኔት ተሰራጭተው የዓለም ጀማሪ ሁሉ መምህር አደረጉት፤ እርሱን ተከትለው የተነሡትም የስልክ መምህራን ያንኑ ዛፍ ይደግማሉ። ይኽ ሰው ሠዓሊነትን ሥራዬ ብሎ ከመያዙ በፊት በአሜሪካ አየር ኃይል ያገለገለ ወታደር ነበረ፤ ብዙ ዓመትም የኖረው በአላስካ ነው። አላስካ የበረዶና የሾጣጣ ዛፍ አገር ነው። እንግዲህ ሰውየው የሣለው በዐይኑ ሲያየው የኖረውን ነው፤ የእኛ ልጆች ግን የሚሥሉት እርሱ ያየውን ነው።

ሶዶ ዛፍ የሌለባት ከተማ ብትሆን ኖሮ ነገሩን በዝምታ ባለፍነው። ነገር ግን ከከተማው በስተሰሜን ዳሞታ ቆሟል፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ያኽላል። ከግርጌው እንሰቱና የጓሮው ዛፍ፥ ከዚያ በላይ ማሳውና ባሕር ዛፉ፥ በየሸለቆውና በየገደሉ ደግሞ ከመጥረቢያ የተረፈው የጥንቱ ደን ይታያል። በዚሁ ተራራ ተዳፋት ላይ ሞቼና ቦራጎ በተባለው ዋሻ ተመራማሪዎች ቈፍረው ዕድሜው 50,000 ዓመት ገደማ የሆነ የሰው ልጅ የመኖሪያ ምልክት አግኝተዋል። ይኸን ያኽል ዘመን ሰው ሲያየው የኖረ ተራራ፥ በሶዶ ልጅ ወረቀት ላይ ቦታ አጥቶ ለአላስካ ሲለቅ ትንሽ አይከነክንምን?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለመጀመር የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ዘወትር የሚይዙት ኤች ቢ የተባለውን እርሳስ ነው። እርሱ ለመጀመሪያው ንድፍ ይበቃል፤ ለጥላ ግን ይገረጣልና ሁለት ቢ ወይም ስድስት ቢ የሚል የተጻፈበት ቢገኝ አንድ መጨመር ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከሸክላው ነው። ፈረንሳዊው ኮንቴ እ.ኤ.አ. በ1795 የግራፋይትን ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋራ ለውሶ በእሳት መተኰስን ፈለሰፈ፤ አፈሩ ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፥ ይገረጣልም፤ ሲያንስ ይለሰልሳል፥ ይጠቁራልም።

ለስላሳ እርሳስ ያጣ ሰው የሥዕል ከሰል በቤቱ ሊሠራ ይችላል፤ እኔ እንዲያውም ከእርሳሱ ይልቅ ይኸን እወዳለሁ። ለቡና የሚቀርበው ከሰል አይሆንም፤ ጠንካራ ስለ ሆነ ወረቀት ይቧጭራል። ከወንዝ ዳር ከሚበቅለው አኻያ እርሳስ የሚያኽል ቀጭን እንጨት መልምሎ፥ ልጡን ልጦ፥ በጣት ቁመት ቈራርጦ ክዳን ባለው የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ጠቅጥቆ ማሰለፍ ነው። ክዳኑ በሚስማር አንድ ቦታ ይበሳል። ከዚያም ጣሳው ፍም ውስጥ ይቀበራል። ከቀዳዳው መጀመሪያ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ እየሳሳ ሔዶ ሲያቆም ጣሳውን ማውጣት ነው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያሻል፤ ጣሳው ሳይበርድ የከፈተ ሰው አየር ይገባበትና ከሰሉ ዐመድ ይሆንበታል። በማግስቱ ጧት ሲከፈት ጥቁር፥ ቀላል፥ ሲነኩት እንደ ሸክላ ቅጭል የሚል ከሰል ይገኛል።

መጀመሪያ ምን ይሣል ቢባል መልሱ ከጓሮ ነው። ብዙ ሰው ደን ሲባል ሩቅ ስፍራ ይታየዋል፤ የወላይታ ቤት ግን ደኑን ከጀርባው አቁሞ የሚኖር ቤት ነው። እንሰቱ ከቤቱ ሥር ይጀምራል፤ ከእንሰቱ ጋራ ቡናው፥ አቦካዶው፥ ከዳር ደግሞ አንድ ሁለት ወንዛ። እንሰት ዛፍ አይደለም፤ ግንድ መስሎ የሚታየው የቅጠሎቹ እግር እርስ በርሱ ተጠቅልሎና ተደራርቦ የቆመ ነው። ስለዚህ እንደ ምሰሶ ሁለት መስመር አውርዶ አናቱ ላይ ቅጠል የሚለጥፍበት ሰው ያን ተክል ገደለው ማለት ነው። ይልቁንስ እርሳሱን ከመሬት አስነሥቶ ከአንዱ ቅጠል እግር ጋራ ወደ ላይ መውጣት፥ ወፍራሙን የመካከል ጅማት በአንድ ትንፋሽ አጥፎ ማውረድ፥ ከዚያ በኋላ ግራና ቀኝ ያለውን የቅጠል ገበር ማልበስ ነው። ነፋስ የሸነታተረው ቅጠል ካለ እንደ ተሸነታተረ ይሣል። አንድ ሰው እንሰትን ዐሥር ጊዜ ከሣለ እጁ መታጠፍን ይለምዳል። ከስልክ የተቀዳው ሾጣጣ ዛፍ ይኸን አያስተምርም፤ እርሱ በማስመሪያም ይወጣል።

ከእንሰት ወደ ዛፍ ሲታለፍ ዛፍ ሁሉ የየራሱ ጠባይ እንዳለው ማወቅ ይገባል። ሰው ከሩቅ በአረማመዱ እንደሚታወቅ ዛፍም በቁመናው ይታወቃል። ዝግባ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣና ቅጠሉ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ ስለ ሆነ ከሩቅ ጠቁሮ ይታያል፤ እርሳስን ጫን ማድረግ የሚገባው እዚህ ነው። ወንዛ ግንዱ ብዙ ጊዜ ጠመም ያለ፥ ቅጠሉ ሰፊ፥ አናቱ ክብ ነው፤ አበባው ነጭ ነውና ባበበ ጊዜ ወረቀቱን ሳይነኩ መተው ነው። ብሳና ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ወደ ብርቱካን ቀለም ይለወጣል፤ ይኽ በእርሳስ ለሚሠራ ሰው ባይጠቅመውም፥ የቅጠሉ ጀርባ ነጣ ያለ በመሆኑ ነፋስ ሲመታው ዛፉ ሁሉ ብልጭ ብልጭ ሲል ያያል። ኮርች ቅጠሉን አራግፎ በቀይ አበባ ብቻ በሚቆምበት ወራት የቅርንጫፍ አወጣጥን ለመማር ከእርሱ የተሻለ የለም።

ባሕር ዛፍ እንግዳ ነው። ከአውስትራልያ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ሲሆን፥ አሁን በሶዶ ዙሪያ እርሱን ሳያዩ ዐይንን ማሳረፊያ ማግኘት ያስቸግራል። ባሕር ዛፍ ከደን አይቈጠርም ብሎ ከሥዕሉ ሊያስወጣው የሚፈልግ ሰው አጋጥሞኛል። እኔ አልተስማማሁም፤ የቆመውን መሣል ነው። ቅጠሉ ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው፤ ቅርፊቱም በረዥሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል። የለጋው ነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል ክብና ሰማያዊ መሰል ሲሆን ያረጀው ግን እንደ ማጭድ የቀጠነ ነው፤ ሁለቱም በአንድ ዛፍ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ይኸን የማያውቅ ሰው ሁለት ዛፍ ያየ ይመስለዋል።

ጀማሪን ሁሉ የሚያሰለቸው የቅጠሉ ነገር ነው። በዛፉ ላይ ስፍር ቍጥር የሌለው ቅጠል መኖሩን ያውቅና አንድ በአንድ ሊሥል ይነሣል፤ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ ሳያልፍ ታክቶት እርሳሱን ይጥላል። መድኃኒቱ ዐይንን ከፊል ጨፍኖ ማየት ነው። እንዲህ ሲያዩት ቅጠሉ ይጠፋና ብርሃን ያረፈበት ክምርና ጥላ የያዘው ክምር፥ በመካከላቸውም ሰማይ የሚታይበት ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። የሚሣለው ክምሩ ነው፤ ቅጠል የሚታየው በብርሃኑና በጥላው ወሰን ላይ ጥቂት ብቻ ሲሆን፥ የቀረውን የተመልካቹ ዐይን ራሱ ይሞላዋል። ቀዳዳውን መርሳት አይገባም፤ ቀዳዳ የሌለው ዛፍ ጥቅል ጎመን ይመስላል። በጠቆረው ላይ በላጲስ ጥግ ነካ ነካ ቢያደርጉ ሰማዩ ወለል ይላል።

ስለ ቅርንጫፍ ደግሞ ጣልያናዊው ሌዎናርዶ ዳ ቪንቺ ከ500 ዓመት በፊት በማስታወሻው ያሰፈረው ደንብ አለ። በአንድ ከፍታ ላይ ያሉት ቅርንጫፎች ሁሉ ቢሰበሰቡ ውፍረታቸው ከሥር ያለውን ግንድ ያኽላል ይላል። ስለዚህ ግንዱ ቅርንጫፍ በሰጠ ቍጥር ይቀጥናል። የጀማሪ ግንድ ግን ከታች እስከ ላይ እኩል ወፍራም ሆኖ ቅርንጫፉ እንደ ሚስማር የተመታበት ይመስላል። ግርጌውም እንዲሁ ነው፤ ዛፍ እንደ ስልክ እንጨት አልተተከለም፤ ከሥሩ ሰፋ ብሎ አፈሩን ጨብጦ ይይዛል።

ደኑ ሰፊ፥ ወረቀቱ ጠባብ ነውና ከየት እስከ የት ልውሰድ የሚለውም ጥያቄ ያስቸግራል። ሆላንዳዊው ቪንሰንት ቫን ጎኽ ሥዕልን አጥብቆ የያዘው በ27 ዓመቱ ሲሆን የጀመረውም አብዛኛውን ለብቻው ከመጽሐፍ እየቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በሄግ ከተማ ሳለ ክር የተወጠረበት የእንጨት መስኮት አሠርቶ በዚያ ውስጥ እያየ ይሥል ነበር። እኛ አናጢ መጥራት አያሻንም። ከካርቶን ላይ መዳፍ የሚያኽል መስኮት በምላጭ ቈርጦ በቁመትም በአግድምም አንዳንድ ክር ማጣበቅ ይበቃል። በወረቀቱም ላይ እንዲሁ ሁለት ቀጭን መስመር ይሠመርና በክሩ ግራ የታየው ከመስመሩ ግራ ይገባል።

ዐሥር ዛፍ ተሥሎ ደን ላይሆን ይችላል፤ ሦስት ዛፍ ተሥሎ ደን ሊሆን ይችላል። ነገሩ የርቀት ነው። በደልዳላ መሬት ቆሞ ለሚያይ ሰው የቅርቡ ዛፍ ግርጌ በወረቀቱ ታች፥ የሩቁ ግርጌ ከፍ ብሎ ይሣላል፤ አናታቸው ደግሞ በተቃራኒው፥ ዛፉ በራቀ መጠን ወደ ዐይን ትክክል ዝቅ እያለ ይመጣል። የቅርቡ ይጠቁራል፥ ይተነተናል፤ የሩቁ ይገረጣል፥ ይቀልላል። ለዚህ ትምህርት ዳሞታን የመሰለ መምህር አይገኝም። በጊፋታ ሰሞን ዝናቡ አየሩን አጥቦት ተራራው ከደጅ የቆመ ይመስላል፥ ማሳው ሁሉ ይቈጠራል። ጥር ላይ ግን አቧራውና ጭሱ በመካከል ስለሚገባ ያው ተራራ ገርጥቶና ሰማያዊ መስሎ ወደ ኋላው ይሸሻል። ስለዚህ ርቀትን መማር ለሚፈልግ ሰው፥ ለፎቶግራፍ የማይመረጠው ጥር ከመስከረም ይሻለዋል።

የፀሐይም ነገር አለ። ከአውሮፓ የሚመጡት የሥዕል መጻሕፍት ብርሃኑን ከጎን እያመጡ ነው የሚያስተምሩት፤ በእነርሱ አገር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ጋደል እንዳለች ትውላለችና። ሶዶ ግን ከምድር ሰቅ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በሰኔማ ጭራሽ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በዚህ ሰዓት የዛፉ ጥላ ከእግሩ ሥር ተጠቅልሎ ይተኛና ዛፉ እንደ ጠፍጣፋ ነገር ይታያል። መልካሙ ጊዜ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፤ ይኽም ለተማሪ የተመቸ ነው።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በጥንቱ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ውስጥ ደን ለራሱ ሲባል ተሥሎ አይገኝም ማለት ይቻላል። ዛፍ ቢኖር ለታሪኩ ምልክት ነው፤ ከሰዎቹ በስተጀርባ ያለውም ብዙ ጊዜ ቢጫና አረንጓዴ የተቀባ መደብ ነው። የእነዚያ ሠዓሊዎች ዓላማ ሌላ ስለ ነበረ ይኽ ጉድለት አይባልም። ነገር ግን ደን ልሣል ብሎ የሚነሣ የኛ አገር ጀማሪ ከአባቶቹ የተቀበለው አብነት ስለሌለው የሌላውን አገር ዛፍ ቢበደር ብዙ አይፈረድበትም። በሌላው ዓለምማ ዕድሜውን በሙሉ ደን ሲሥል የኖረ ሰው አለ፤ ሩሲያዊው ኢቫን ሺሽኪን እ.ኤ.አ. በ1832 ካማ ወንዝ አጠገብ በምትገኝ ከተማ ተወልዶ፥ የአገሩን ጥድና ባሉጥ እንደ ሰው መልክ አንድ በአንድ እየለየ ሣለ።

ያለፈው ክረምት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ከስልክ የቀዳችውን ደን ለአያታችን አሳየቻቸው። አያታችን መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ተመለከቱት። ንግግሩ በወላይትኛ ነበር፤ እኔ በአማርኛ አሰፍረዋለሁ።

“ይኽ ምን ዛፍ ነው?” አሉ።

“ደን ነው፥ እማማ።”

“ደንነቱንስ አየሁት። የዛፉ ስም ማነው?”

ልጅቱ ዝም አለች። እኔ ጠጋ ብዬ፥ “በፈረንጅ አገር የሚበቅል ፓይን የሚባል ዛፍ ነው፥ እማማ” አልኋቸው።

“ከብት ይጠለልበታል?”

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱላትና፥ “ይኽም ያምራል። የእኛን ዝግባ ግን ሣዪልኝ” አሏት።

የእኛ ዝግባ የሚሉት ዛፍ ከቤቱ በላይ፥ በወሰኑ ላይ ቆሞ የነበረ ሲሆን የተቈረጠው አክስቴ ሳትወለድ ነው። ጣውላ ሆኖ ሔዷል፤ ጉቶውም ተነቅሏል፤ በቦታው አሁን ቦይ ያልፋል። ልጅቱ አላየችውም፤ እኔም አላየሁትም። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ሆነ፤ እርሳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፥ እርስዋ ትሥላለች፥ እርሳቸው ያያሉ፥ ያርማሉ። “የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ከቤቱ ጉልላት በላይ ነበር” ይላሉ፤ ይደመሰሳል፥ ከፍ ይላል። “በፀሐይ መውጫ በኩል መብረቅ የመታው ደረቅ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ረሳሽው።” ይገባል። “ግንዱ ቀጠነ፤ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይዞረውም ነበር።” ልጅቱ ቅርፊቱን ማወቅ ስላልቻለች በከተማው ውስጥ ባለ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ሔዳ ሌላ ዝግባ አይታ፥ በጣቷም ዳስሳ ተመለሰች። የፈረንጁ ደን ግማሽ ሰዓት ነበር የፈጀባት። ይኽኛው ዘጠኝ ቀን ፈጀ፥ አራት ወረቀትም ተቀደደ። አያታችን ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ያን ዛፍ ቆሞ ያዩት በሰፈሩ ውስጥ ከእርሳቸው ሌላ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል።

ዝግባው በወረቀቱ ላይ ከቆመ በኋላ ግን ብቻውን ሆነ። ከኋላው ተዳፋቱን የሸፈነ ደን እንደ ነበረ አያታችን ያስታውሳሉ፤ ሆኖም ያን ሁሉ ዛፍ አንድ በአንድ ሊናገሩት አይቻላቸውም። ልጅቱም በዛፍ የተሸፈነ ተራራ ቀርባ አይታ አታውቅም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ የካርቶን መስኮቷን ይዛ ሁለታችን ወደ ሁምቦ ወረድን።

ሁምቦ ከሶዶ በስተደቡብ፥ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወስደው በኩል ያለ ወረዳ ነው። ተራራው ለብዙ ዘመን በማገዶና በከሰል ተራቁቶ፥ ጎርፍ አፈሩን እያጠበ የሚወስድበት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ገበሬዎቹ ወርልድ ቪዥን ከተባለው ድርጅት ጋራ ሆነው በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁና 2,728 ሄክታር መሬት ከለሉ። የሚያስገርመው ግን አብዛኛው ደን ችግኝ ተተክሎ የመጣ አለመሆኑ ነው። የተቈረጡት ዛፎች ሥርና ጉቶ ከመሬት በታች ሕይወት ነበረው፤ ከጉቶው ከሚያቆጠቍጠው ብዙ ቀንበጥ ብርቱውን መርጦ ሌላውን መግረዝ፥ ከብትና መጥረቢያንም ማራቅ ነው የተደረገው። ይኸን ዘዴ በሰፊው ያሳወቀው አውስትራልያዊው ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኒጀር በረሃማ አገር ሲሠራበት የቈየ ነው። የሁምቦው ደን እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦ፥ ዛፉ ከአየር ለሚስበው ካርቦን በዓለም ባንክ በኩል ለማኅበራቱ ገንዘብ የሚከፈልበት ሆነ።

ለሥዕል የሚጠቅመው ነገር ጉቶው ዘንድ ነው። ከጉቶ የተነሣ ዛፍ ከዘር ከበቀለው ይለያል፤ ከአሮጌው ጉቶ ጎን ይወጣና ጉልበት እንዳለው ሁሉ ታጥፎ ከዚያ በኋላ ይቃናል። አንዳንዱም ከአንድ እግር ሁለት ሦስት ሆኖ ይወጣል። ልጅቱ መጀመሪያ ግንዱን ሁሉ ቀጥ አድርጋ ሣለችው፤ ከዚያም ቁጭ ብላ ሣሩን ገለጥ አድርጋ ጉቶውን አየችና እንደገና ጀመረች። ሦስት ሰዓት ያኽል ቈየን። የእኔ ሥራ ጃንጥላ መያዝ ነበር።

የተጨረሰው ሥዕል ለአያታችን በቀረበላቸው ጊዜ ዝግባውን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከኋላ ያለውንም ደን አዩ። ቀጥለውም፥ “ጉሬዛዎቹስ?” አሉ። ለካ በዝግባው ላይ ጧት ጧት ጉሬዛዎች ይመጡ ኖሯል፤ በዘጠኙ ቀን ውስጥ አንድም ጊዜ አላነሡትም። ልጅቱ እንስሳ መሣል አልለመደችም። ቅድም ያነሣሁት ሺሽኪን እንኳ ማለዳ በጥድ ደን ውስጥ በተባለው የ1889 ሥዕሉ ላይ ያሉትን ድቦች የሣለለት ሳቪትስኪ የተባለው ባልንጀራው ነው፤ ሥዕሉን የገዛው ትሬትያኮቭ የሳቪትስኪን ፊርማ አስጠፍቶት የሺሽኪን ብቻ ሆኖ ቀረ። ይኸን ታሪክ ለልጅቱ ስነግራት ታናሽ ወንድሟ ሰምቶ ኖሮ፥ ጉሬዛ እሥላለሁ፥ ነገር ግን ስሜ ይጻፍ አለ። ተስማሙ። እርሱም ዝንጀሮውንም ጉሬዛውንም ከልጅነቱ ጀምሮ በደብተሩ ጀርባ ሲሥል የኖረ ልጅ ነውና አራት ጉሬዛ ከነረዥም ነጭ ጭራቸው ቅርንጫፍ ላይ አስቀመጠ፤ ከሥሩም ስሙን ከእኅቱ ስም አስበልጦ ጻፈ።

አያታችን ስሙን አላነበቡትም፤ ጉሬዛዎቹን ግን በጣታቸው ቈጠሩ።

“ሦስት ነበሩ” አሉ።

ልጁ ላጲሱን አንሥቶ አንዱን አጠፋው።